ነፃ የንግድ ቀጠና፣ የጉምሩክ ኅብረት ወይስ የጋራ ገንዘብ? ታዳጊ አገር የትኛውን ይምረጥ

አንድ ሳሙና የጫነ መኪና ድንበር ላይ ቆሟል እንበል። ሁለቱ አገሮች የነፃ ንግድ ስምምነት ከፈረሙ ቆይተዋል። መሪዎቹ ተጨባብጠዋል፣ ፎቶ ተነስተዋል። ሾፌሩ የያዘው የስሪት አገር ሰርተፍኬት ግን አላስኬደውም። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ማኅተም ኬላው ውስጥ ካለው የናሙና ማኅተም ጋር አይገጥምም። ሌላም ጣጣ አለ። ሳሙናው የተሠራበት የፓልም ዘይት የመጣው ከሁለቱም አገሮች ውጭ ነው። «ታዲያ ይሄ የእነሱ ስሪት ነው የሚባለው?» ይላል የጉምሩክ ሠራተኛው። ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ እስኪመጣ መኪናው እዚያው ያድራል። ባለንብረቱ ሁለት ቀን ጠብቆ ይሰለቸዋል። ሙሉ ቀረጡን ከፍሎ ይገባል።

ስምምነቱ ወረቀት ላይ አለ። ለዚህ ነጋዴ ግን የለም።

ቀጠናዊ የኢኮኖሚ ጥምረቶችን ሳወዳድር ይህን መኪና ከዓይኔ አላርቀውም። አቋሜን ከመነሻው ልንገራችሁ። ብዙ ታዳጊ አገሮች ምርጫውን የሚጀምሩት ከተሳሳተ ጫፍ ነው። «እስከምን ድረስ እንዋሃድ?» ብለው ይነሳሉ። መቅደም የነበረባቸው ሁለት ተራ ጥያቄዎች ናቸው። ለጎረቤት የምንሸጠው ምን አለን? ግምጃ ቤታችንስ በቀረጥ ላይ ምን ያህል ተደግፏል?

ምርጫዎቹ

ቤላ ባላሳ የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ ኢኮኖሚስት በ1961 ያስቀመጠው የጥምረት ደረጃዎች ቅደም ተከተል ዛሬም ይሠራበታል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታች ያለው ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። አባላቱ እርስ በርስ ቀረጥ ያነሳሉ። ከሌላው ዓለም በሚመጣ ዕቃ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ቀረጥ ይጥላል። ቀጥሎ የጉምሩክ ኅብረት አለ። እዚህ የውጭው ቀረጥም የጋራ ይሆናል። የጋራ ገበያ ሲባል ሠራተኛና ካፒታልም ድንበር ይሻገራሉ። ከዚያ በላይ ፖሊሲን የሚያቀራርበው የኢኮኖሚ ኅብረት፣ በመጨረሻም ሙሉ ውህደት ይመጣል። የጋራ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው እዚያ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ መሰላል ይመስላል። መሰላል ሲያዩ ደግሞ መውጣት ያምራል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር አሲያን በ1967 ባንኮክ ውስጥ ተመሠረተ። የነፃ ንግድ ቀጠናውን የተስማማው በ1992 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። እስከ ዛሬም የጋራ የውጭ ቀረጥ የለውም። አባላቱ ግን የዓለም ፋብሪካዎች መናኸሪያ ከመሆን ይህ አላገዳቸውም። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮችን ጥምረት ኮሜሳን ደግሞ እዩት። ነፃ የንግድ ቀጠናውን በ2000 በዘጠኝ አገሮች ጀመረ። በ2009 ቪክቶሪያ ፏፏቴ ላይ የጉምሩክ ኅብረቱን አወጀ። ኅብረቱ ግን መሬት አልነካም። መውጣት ሌላ፣ ወጥቶ መቆም ሌላ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። በንግድ ግን ጎረቤቱ በስንት እንደሚሸጥ መጠየቅ ይቀድማል። ኢኮኖሚስቱ ጄኮብ ቫይነር ይህን ነገር በ1950 አፍረጥርጦ አውጥቶታል። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ማንኛውም የቀረጥ ቅነሳ ወደ ነፃ ንግድ አንድ እርምጃ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ቫይነር «ቆይ እስቲ» አለ።

ቀላል ቁጥር እንውሰድ። አንድ አገር አንድ ካርቶን ዕቃ ከሩቅ አምራች በ100 ዶላር ታገኛለች። ጎረቤቷ ያንኑ ዕቃ በ110 ይሸጣል። ቀረጡ ለሁሉም 25 በመቶ ነው። ስለዚህ የሩቁ ዕቃ ገበያ ላይ 125፣ የጎረቤቱ 137 ከ50 ይሆናል። ነጋዴው ከሩቁ ይገዛል። መንግሥት 25 ዶላር ይሰበስባል።

አሁን ከጎረቤት ጋር ነፃ ንግድ ተፈረመ። የጎረቤቱ ዕቃ በ110 ይገባል። የሩቁ ያው 125 ነው። ነጋዴው ፊቱን ወደ ጎረቤት ያዞራል። ሸማቹ 15 ዶላር አተረፈ። ደስ ይላል። ግምጃ ቤቱ ግን 25 ዶላሩን አጣ። አገሪቱ እንደ አገር ስትታይ 10 ዶላር ከሰረች። ያቺ 10 ዶላር የሄደችው ለጎረቤት ውድ አሠራር ነው። ንግድ ተፈጠረ ሲባል የተደረገው ንግድን ከርካሽ ሻጭ ወደ ውድ ሻጭ መጥለፍ ነው።

ሒሳቡን ትንሽ እናዙረው። ዕቃውን የአገር ውስጥ ፋብሪካ በ120 ይሠራው ነበር እንበል። የሩቁ በ125 ስለሚገባ ገበያው የአገር ውስጡ ነው። መንግሥት ከዚህ የሚያገኘው ቀረጥ የለም። ስምምነቱ ሲመጣ የጎረቤቱ 110 ያሸንፋል። አሁን ትርፉ እውነተኛ ነው። 120 ይፈጅ የነበረው በ110 ተገኘ። ግምጃ ቤቱም ያጣው ነገር የለም። የአገር ውስጥ ፋብሪካው ሠራተኞች ግን በዚህ ሒሳብ አይስማሙም። እነሱን ወዴት እንደሚወስዳቸው ያላሰበ መንግሥት ስምምነቱን በአንድ እጁ ፈርሞ በሌላው ያፈርሰዋል።

ሦስተኛው ስሌት ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። ቀረጡ ከመነሻው 5 በመቶ ብቻ ቢሆንስ? የሩቁ ዕቃ 105 ይሆናል። የጎረቤቱ ከቀረጥ ነፃ ገብቶም 110 ነው። ነጋዴው ከሩቁ መግዛቱን ይቀጥላል። ማንም አልተጎዳም። ስለዚህ ወደ ጥምረት የምትገባ አገር የውጭ ቀረጧንም አብራ ዝቅ ብታደርግ አደጋው አብሮ ይወርዳል። በከፍተኛ የቀረጥ አጥር ውስጥ የሚደረግ ጎረቤታዊ ፍቅር ውድ ፍቅር ነው።

በእርግጥ ይህ ስሌት የማያየው ነገር አለ። የአንድ ትንሽ አገር ገበያ ዘመናዊ የሲሚንቶ ወይም የማዳበሪያ ፋብሪካን ላይሸከም ይችላል። አምስት አገሮች ሲደመሩ ግን ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ይሠራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ዛሬ 110 ያለ ጎረቤት ከአሥር ዓመት በኋላ 95 ሊል ይችላል። ይህን ተስፋ አልንቅም። ብቻ ተስፋ መሆኑ አይረሳ።

ነፃ የንግድ ቀጠና፦ ቀላል ይመስላል፣ ወረቀቱ ግን ይከብዳል

ትልቁ ጥቅሙ ነፃነቱ ነው። ከሌላው ዓለም ጋር የፈለጉትን መደራደር ይቻላል። ለፋብሪካ ግብዓት ቀረጥ ዜሮ ማድረግ ቢያስፈልግ የማንም ፈቃድ አይጠየቅም። መውጣትም ቀለል ይላል።

ዋጋው የስሪት አገር ደንብ ነው። እያንዳንዱ አባል የራሱ የውጭ ቀረጥ ስላለው ብልጥ አስመጪ ዕቃውን ቀረጥ ዝቅ ባለበት አገር አስገብቶ በነፃ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። ይህን ለመከላከል «ዕቃው በእርግጥ አባል አገር ውስጥ ተሠርቷል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ እንደ ጥምረቱ ይለያያል። ልዩነቱም የሞትና የሕይወት ነው።

አንድ ሸሚዝ ውሰዱ። አሲያን ውስጥ በአጠቃላይ ደንቡ ከዋጋው 40 በመቶው በቀጠናው ከተጨመረ፣ ወይም ዕቃው ሲሠራ በቀረጥ መዝገቡ ላይ ያለው ምድብ ከግብዓቱ ምድብ ከተለወጠ የአባል አገር ስሪት ይባላል። አምራቹ ከሁለቱ የሚቀናውን ይመርጣል። በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ጥምረት በሳድክ ዘንድ ግን ልብስ ሁለት የምርት ደረጃ ማለፍ አለበት። ጨርቁን ከውጭ አምጥቶ መስፋት ብቻ አይበቃም። ጨርቁም እዚያው መሸመን አለበት። ብዙ ታዳጊ አገር ያለው ደግሞ የስፌት ማሽንና የሚሰፋ እጅ እንጂ ዘመናዊ የሽመና ፋብሪካ አይደለም። ደንቡ ሸሚዙን በሩ ላይ ያስቀረዋል።

ስለዚህ ነፃ የንግድ ቀጠና ለመምረጥ የምታስቡ ካላችሁ የቀረጥ ቅነሳውን ሰንጠረዥ ትታችሁ በቀጥታ ወደ ስሪት አገር አባሪው ሂዱ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ስምምነቱ ግን የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። የአገራችሁን አሥር ዋና ዋና የፋብሪካ ምርቶች ያዙና አንድ በአንድ ፈትኗቸው። ሰባቱ ከወደቁ ስምምነቱ የተጻፈው ለሌላ አገር ነው።

ትናንሽ ነጋዴዎችንም አትርሱ። ድንበር ላይ አንድ ኩንታል እህል ይዛ የምትሻገር ሴት የንግድ ምክር ቤት ደጅ ጠንታ ሰርተፍኬት አታወጣም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ለዚህ መላ አበጅቷል። ዋጋው ከ2,000 ዶላር ለማይበልጥ የአባል አገር ዕቃ እዚያው ኬላ ላይ የሚሰጥ ቀለል ያለ ሰርተፍኬት አለው። ኮሜሳም ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። እንዲህ ያለ አንቀጽ የሌለው ስምምነት ብዙውን የድንበር ንግድ ለኮንትሮባንድ ትቶታል።

የጉምሩክ ኅብረት፦ ቁልፉን ለጋራ መስጠት

የጉምሩክ ኅብረት የስሪት አገሩን ጭቅጭቅ ይቀንሳል። የውጭ ቀረጡ አንድ ከሆነ ዕቃው በየትኛው በር ገባ የሚለው ብዙም አያስጨንቅም። በምላሹ አገሪቱ የቀረጥ ፖሊሲዋን ለጋራ ታስረክባለች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በግልጽ ይታያል። ኅብረቱ በ2005 ሥራ ሲጀምር ቀረጡ ሦስት እርከን ነበረው። ጥሬ ዕቃ ዜሮ፣ በከፊል የተሠራ 10፣ ያለቀ ዕቃ 25 በመቶ። በ2022 አራተኛ እርከን 35 በመቶ ተጨመረ። ኬንያ ብዙ ፋብሪካ ስላላት ከፍ ያለው ቀረጥ ይከላከልላታል። ያንኑ ዕቃ የማያመርት አባል ደግሞ ውድ ዕቃ ይገዛል። በዚህ የተነሳ አባላቱ በየዓመቱ ለተወሰኑ ዕቃዎች ከጋራ ቀረጡ ወጣ ብለው የራሳቸውን እንዲጥሉ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የፈቃዱ ዝርዝር በረዘመ ቁጥር «የጋራ» የሚለው ቃል እየቀጠነ ይሄዳል።

የድርድር እጅ መታሰርም አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የታሰበውን የጋራ ስምምነት ኬንያና ሩዋንዳ በ2016 ፈረሙ። ሌሎቹ ወደኋላ አሉ። ምክንያት አላቸው። በዕድገት ዝቅተኛ ከሚባሉት አገሮች ስለሚመደቡ የአውሮፓ ገበያ ከመሣሪያ በስተቀር ለሁሉም ዕቃቸው ያለቀረጥ ክፍት ነው። ኬንያ ግን ከዚያ ምድብ ውጭ ናት። ስምምነቱ ካልጸና አበባዋ ቀረጥ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ለብቻዋ ተደራድራ ያገኘችው ስምምነት በሐምሌ 2024 ሥራ ላይ ዋለ። አንድ የቀረጥ ግድግዳ፣ ግን አንዱ አባል ብቻውን የከፈተው መስኮት ያለው ማለት ነው። ኡሩጓይም ከቻይና ጋር ለብቻዋ ለመደራደር ስትነሳ አባል በሆነችበት የደቡብ አሜሪካ ጥምረት በሜርኮሱር ውስጥ ተመሳሳይ ግርግር ገጥሟታል።

ስለ ቀረጡ ገቢ ስናወራ ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ ያለው ሳኩ ሳይነሳ አይታለፍም። ከ1910 ጀምሮ ያለ፣ በዓለም አንጋፋ የሚባለው የጉምሩክ ኅብረት ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ሌሶቶና ኢስዋቲኒ አባላቱ ናቸው። ቀረጡና ኤክሳይዝ ታክሱ አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ ይከፋፈላል። የ2002 ስምምነት ቀመሩን አስቀምጧል። የጉምሩኩ ገቢ እያንዳንዱ አገር ከሌሎቹ አባላት በሚያስገባው ዕቃ መጠን ይካፈላል። ከኤክሳይዙ 15 በመቶው ለልማት ተብሎ ይነሳና ደሃ ለሆነው ከፍ ተደርጎ ይሰጣል። ከደቡብ አፍሪካ ብዙ የሚገዙት ትናንሾቹ ስለሆኑ ቀመሩ ያደላላቸዋል። ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ትናንሾቹ በትልቁ አገር ኢንዱስትሪ ልክ የተሰፋ ቀረጥ ነው የሚለብሱት። ካሳ ይገባቸዋል።

ካሳውም ግን ወጥመድ አለው። ሌሶቶና ኢስዋቲኒ ለመንግሥት በጀታቸው ከዚህ ቋት የሚመጣውን በእጅጉ ይጠብቃሉ። ከ2008ቱ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ በኋላ የቋቱ ገቢ ሲያሽቆለቁል ኢስዋቲኒ፣ በጊዜው ስዋዚላንድ፣ ከባድ የበጀት ቀውስ ውስጥ ገባች። ከራስ ውሳኔ ውጭ በሆነ ገቢ ላይ የቆመ በጀት በሰው ትከሻ ላይ እንደ መቆም ነው።

የጋራ ገበያ፦ ሰው ሲሻገር

እዚህ ላይ አጠር ላድርገው። ሕጉ ከተግባሩ በጣም ርቆ የሚገኝበት ዘርፍ ነው። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጥምረት ኢኮዋስ በ1979 ባጸደቀው ፕሮቶኮል ዜጎች እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባሉ። ይህ በእርግጥ ሠርቷል። የመሥራትና ድርጅት የማቋቋም መብት ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይጎተታል። የምሥራቅ አፍሪካው የጋራ ገበያም በ2010 ተጀምሮ የሥራ ፈቃድ ክፍያና የሙያ ማረጋገጫ እንዳነቀው ነው። የተማረ ሰው ለተረፈው ግን ሥራ ላጣ አገር ከቀረጥ ቅነሳ ይልቅ ይህ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል። ሒሳብ ሠራተኛና መሐንዲስ ሲላክ የስሪት አገር ሰርተፍኬት አይጠየቅም፣ ፓስፖርት እንጂ።

የጋራ ገንዘብ፦ ሲሮጡ የታጠቁት

በርካታ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚጠቀሙበትን የሴኤፍኤ ፍራንክ ጉዳይ ደጋፊውም ተቃዋሚውም አጋንኖ ያወራዋል። እውነቱ ሁለት ፊት አለው። ገንዘቡ ዛሬ በአንድ ዩሮ 655.957 ታስሯል። የሚጠቀሙበት አገሮች ከናይጄሪያና ከጋና ጋር ሲነጻጸሩ የዋጋ ግሽበታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ቆይቷል። አስመጪው ዶላር ፍለጋ ጥቁር ገበያ አይንከራተትም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላኛው ፊት በጥር 1994 ታይቷል። የካካዎና የሌሎች ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ ወርዶ አገሮቹ ለዓመታት ሲቆረቁዙ ገንዘባቸው ግን ንቅንቅ አላለም። መጨረሻ ላይ ዳካር ውስጥ ተወሰነና በአንድ ሌሊት የምንዛሪ ዋጋው በግማሽ ወረደ። ማታ አንድ የፈረንሳይ ፍራንክ በ50 ሴኤፍኤ ይገዛ የነበረ ጠዋት 100 ተባለ። ፋርማሲ የሄደ ሰው የመድኃኒቱ ዋጋ ሲያሻቅብ አየ። የራሱ ተመን ያለው አገር ቀስ በቀስ የሚያስተካክለውን እነሱ በአንድ ቀን ዋጡት።

ገንዘቡ የተለያየ ሲሆንስ? ሜርኮሱርን ያየ ያም ሰላም እንዳልሆነ ያውቃል። ብራዚል በጥር 1999 የገንዘቧን ዋጋ ገበያው እንዲወስነው ለቀቀችው። የአርጀንቲና ፔሶ ያኔ ከዶላር ጋር አንድ ለአንድ ታስሮ ነበር። የብራዚል ዕቃ በአንዴ ረከሰ፤ የአርጀንቲና ፋብሪካዎች ጮኹ። በጥምረት ውስጥ የጎረቤት ተመን የራስ ጉዳይ ይሆናል።

እኔ ብጠየቅ ግን ለአብዛኛው ታዳጊ አገር መልሴ «አሁን አይሆንም» ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው። አንዱ ነዳጅ ሲሸጥ ሌላው ነዳጅ የሚገዛ ከሆነ፣ ዋጋው ሲጨምር አንዱ ይፋፋል፣ ሌላው ይከሳል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ የወለድ ምጣኔ የለም። የምዕራብ አፍሪካው ኢኮ የተባለው ገንዘብ ቀነ ገደቡ ደጋግሞ ተገፍቷል። የምሥራቅ አፍሪካው የጋራ ገንዘብ ፕሮቶኮል በ2013 ተፈርሞ 2024ን ዒላማ አድርጎ ነበር። 2024 መጥቶ ሄደ። በዚህ አልቆጭም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከሁሉም በፊት፦ ትርፉ እንዴት ይከፈላል?

ጥምረት የሚፈርሰው ትርፍ ስለሌለው ብቻ አይደለም። ትርፉ አንድ ቤት ሲከማችም ይፈርሳል። በ1967 የተመሠረተው የቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዛሬ ያሉ ብዙ ጥምረቶች የሚመኙትን ሁሉ ነበረው። የጋራ ባቡር፣ የጋራ ወደብ፣ የጋራ አየር መንገድ፣ የጋራ ፖስታ። ፋብሪካው ግን ኬንያ ላይ ተከማቸ። ኡጋንዳና ታንዛኒያ የኬንያን ዕቃ የሚገድብ የማካካሻ ታክስ እንዲጥሉ ተፈቀደ፣ የልማት ባንክም ተቋቋመ። አልበቃም። የኡጋንዳው ኢዲ አሚንና የታንዛኒያው ኔሬሬ ጠብ ተጨምሮበት በ1977 ፈረሰ። እንደገና ለመቋቋም ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ።

ሜርኮሱር ከእንዲህ ዓይነቱ የተማረ ይመስላል። ፎሴም በተባለው የመዋቅር ፈንዱ መነሻ ቀመር ብራዚል 70 በመቶ፣ አርጀንቲና 27፣ ኡሩጓይ 2፣ ፓራጓይ 1 በመቶ ያዋጣሉ። ሲከፈል ፓራጓይ 48፣ ኡሩጓይ 32 በመቶ ያገኛሉ። ገንዘቡ ከኢኮኖሚዎቹ አንጻር ትንሽ ነው። ቀመሩ ግን የተጻፈ ነው። ትንሽ አገር ወክሎ የሚደራደር ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ይሁን። ቃል ሳይሆን ቀመር ይጠይቅ።

ግዙፍ ጎረቤት ያለበት ጥምረት ሌላም ጣጣ አለው። ናይጄሪያ በነሐሴ 2019 በሩዝ ኮንትሮባንድ ምክንያት የየብስ ድንበሯን ዘጋች። እስከ ታኅሣሥ 2020 አልተከፈተም። ኢኮዋስ ነበረ፣ የነፃ ዝውውር ፕሮቶኮሉም ነበረ። የቤኒን ነጋዴ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት በር ላይ ቆመ።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ወደብ አልባ አገር ከሆናችሁ ቀረጡን ሁለተኛ አድርጉት። ሕይወታችሁ ያለው ትራንዚቱ ላይ ነው፤ ዕቃችሁ በጎረቤት አገር አልፎ ወደብ በሚደርስበት መንገድ ላይ። ዛምቢያና ዚምባብዌ በ2009 ቺሩንዱ ላይ የአንድ ማቆሚያ የድንበር ኬላ ከፈቱ። መኪናው ሁለት ጊዜ መፈተሹ ቀርቶ አንዴ ብቻ ይፈተሻል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በ2014 ቀረጡ ወደብ ላይ ሳለ እንዲከፈል ሲደረግ ከሞምባሳ ካምፓላ 18 ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ 4 ቀን መውረዱን ማኅበረሰቡ ይገልጻል። የትኛውም የ5 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ አሥራ አራት ቀን አይገዛም። ለእንዲህ ያለ አገር ከወደብ ባለቤቶቹ ጋር የሚደረግ የጉምሩክ ኅብረት፣ ከነጉድለቱም ቢሆን፣ ሊያዋጣ ይችላል።

የምትልኩት ነዳጅ፣ መዳብ ወይም ቡና ብቻ ከሆነ ጎረቤታችሁ ደንበኛችሁ አይደለም። ምናልባትም እሱም ያንኑ ይልካል። የአፍሪካ አገሮች እርስ በርስ የሚነግዱት ከጠቅላላ ንግዳቸው 15 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለእናንተ ቀለል ያለ ነፃ የንግድ ቀጠና ይበቃል። ጉልበታችሁን የውጭ ቀረጥ ዝቅ በማድረግና በመንገድ ላይ አውሉት።

ጀማሪ ፋብሪካዎች ካሏችሁና ምርታቸው ለጎረቤት የሚመጥን ከሆነ ሰፋ ያለ ገበያ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ትኩረት ይሻል። በመጋቢት 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈርሞ ንግዱ በጥር 2021 በይፋ ተጀመረ። ከቀረጥ መስመሮች፣ ማለትም በቀረጥ መዝገቡ ከተዘረዘሩት የዕቃ ዓይነቶች፣ 90 በመቶው በሒደት ነፃ ይወጣል። በዕድገት ዝቅተኛ ለሆኑት አሥር ዓመት፣ ለሌሎቹ አምስት ዓመት ተሰጥቷል። 7 በመቶው ስሱ ተብሎ ይዘገያል፣ 3 በመቶው ጭራሽ ውጭ ይቀራል። ያቺን 3 በመቶ አትናቋት። አንድ አገር ብዙ የምታስገባቸው ዕቃዎች ጥቂት መስመሮች ላይ ሊታጨቁ ይችላሉ።

«ጥምረቱ ይቅር፣ ሀብታም አገሮች በችሮታ የሚሰጡት ነፃ ገበያ ይበቃናል» የሚሉም አሉ። ማዳጋስካርን ይጠይቁ። በ2009 መፈንቅለ መንግሥት ተደረገባት። ከጥር 2010 ጀምሮ አሜሪካ የአፍሪካን ዕቃ ያለቀረጥ በሚያስገባው አጎዋ በተባለው ሕጓ የሰጠቻትን ዕድል ነሳቻት። የስፌት ፋብሪካዎቿ ሠራተኞቻቸውን በተኑ። ዕድሉ የተመለሰላት በ2014 ነው። ሰጪው የሰጠውን ሲፈልግ ይወስዳል። ጥምረት ቢያንስ ድምፅ አለው።

የግምጃ ቤታችሁ ትልቅ ክፍል ቀረጥ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ተጨማሪ እሴት ታክሱን አጠንክሩ፣ ከዚያ ቀረጡን አንሱ። በተቃራኒው የሄደ መንግሥት ጉድለቱን የሚሞላው በሌላ ስም ነው። «የአገልግሎት ክፍያ»፣ «ልዩ ታክስ» እያለ ያነሳውን ቀረጥ በጓሮ በር ይመልሰዋል።

በሁለት ጥምረት ውስጥ፣ ወይም ከአንዱ መውጣት

በአንድ ጊዜ የሁለት ነፃ የንግድ ቀጠና አባል መሆን ይቻላል፤ ወረቀቱ ቢበዛም። የሁለት ጉምሩክ ኅብረት አባል መሆን ግን አይቻልም። አንድ ሸሚዝ ላይ ሁለት የተለያየ የጋራ ቀረጥ መጣል አይሆንምና። ታንዛኒያ በ2000 ኮሜሳን ለቅቃ ወጥታለች። በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብና በሳድክ ቀረች።

መውጫውን አስቀድሞ ማንበብ ክፉ መመኘት አይደለም። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በጥር 2024 ከኢኮዋስ እንደሚወጡ አስታወቁ። ከዚያ በፊት ኒጀር የሐምሌ 2023ቱ መፈንቅለ መንግሥት በተደረገባት ጊዜ ድንበር ተዘግቶባታል፣ ናይጄሪያም መብራት ቆርጣባታለች። ወደብ አልባ አገር ምን ያህል በጎረቤት እጅ እንዳለች በዚያ ሰሞን ታየ። ውሉ የሚጠይቀው የአንድ ዓመት ጊዜ ሲሞላ፣ በጥር 2025፣ ሦስቱም ወጡ። ስለ ነፃ ዝውውርና ስለ ንግድ አዲስ ድርድር ጀመሩ። ሴኤፍኤ ፍራንኩን ግን አልለቀቁም። ያንኑ ገንዘብ የሚጠቀመው የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብ ኅብረት አባልነታቸውም እንዳለ ነው። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ደመወዝ የሚከፈለው ዛሬም ዳካር ካለው ማዕከላዊ ባንክ በሚወጣ ኖት ነው።